ሜዳ ላይ የሚተከል የፀሐይ ኃይል ማመንጫ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰው ስለ ሶላር ሲጠይቀኝ ጥያቄው ብዙ ጊዜ ስለ ፓኔሉ ነው። ስንት ዋት ነው? የት አገር የተሠራ ነው? ስንት ይሸጣል? ለቤት ጣሪያ ከሆነ ጥያቄው ልክ ነው። ሜዳ ላይ ለሚተከለው ትልቅ ማመንጫ ግን ፓኔሉ የሥራው ቀላል ክፍል ነው። ራስ ምታቱ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው። መሬቱ፣ መስመሩ፣ የሽያጭ ውሉ፣ ብድሩ። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ወደዚያ ያዘነብላሉ።

ምሳሌ ሳነሳ ብዙ ጊዜ ግብፅ ወዳለው ቤንባን እሄዳለሁ፤ የእኛዎቹን የኢትዮጵያ ፕሮጀክቶች፣ መተሐራን፣ ጋድንና ዲቼቶንም እነካለሁ። ዓመቶቹ የአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የአዋጅ ቁጥሮችን ግን እንደለመድነው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፌያቸዋለሁ።

ጣሪያ ላይ ከሚደረገው ሶላር በምን ይለያል?

በመጠን ብቻ አይደለም። የጣሪያው ሶላር የሚሠራው ለቤቱ ባለቤት ነው። የሜዳው ግን ፋብሪካ ነው፤ ምርቱን ለሌላ ይሸጣል። ገዢ ከሌለው ፓኔሉ ቢያንጸባርቅም ዋጋ የለውም።

አሠራሩ አይከብድም። ፓኔሎቹ በብረት ቋሚዎች ላይ በረድፍ ይደረደራሉ። የሚያመነጩት ዲሲ ነው፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኤሌክትሪክ። ኢንቨርተር የሚባለው መሣሪያ ወደ ኤሲ፣ ማለትም መስመሩም ቤታችንም ወደሚጠቀምበት ዓይነት ይቀይረዋል፤ ትራንስፎርመሩ ቮልቴጁን ከፍ ያደርጋል፤ ከዚያ በማከፋፈያ ጣቢያ በኩል ወደ ትልቁ መስመር ይገባል። ተርባይን የለም፣ ጭስ የለም። የኢንቨርተሮቹ ማራገቢያ ካላንሾካሾከ በቀር ድምፅም የለም።

አንዳንዱ ረድፍ ባለበት ቆሞ ይቀራል። አንዳንዱ ደግሞ ትራከር አለው፤ እንደ ሱፍ አበባ ጠዋት ወደ ምሥራቅ፣ ማታ ወደ ምዕራብ ይዞራል። ፀሐይ በጠራበት አገር ትራከር ምርቱን ከ15 እስከ 25 በመቶ ከፍ ያደርጋል። በምትኩ የሚንቀሳቀስ ነገር ይበዛል፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ደግሞ ይበላሻል።

ቤንባን ምንድን ነው?

በላይኛው ግብፅ፣ ከአስዋን ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በረሃ ላይ የተሠራ የሶላር መንደር ነው። ስሙን የወሰደው ዓባይ ዳር ካለችው ከቤንባን ቀበሌ ነው። ስፋቱ 37 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል። አንድ ማመንጫ ብቻ አይደለም። መንግሥት መሬቱን ሸንሽኖ ለተለያዩ ኩባንያዎች ሰጠ፤ በአንዱ ቁራሽ ላይ የሚተከለው ከ50 ሜጋ ዋት እንዳይበልጥ ተደረገ። መጀመሪያ 41 ቁራሽ ታቅዶ ነበር፤ 32ቱ ተሠሩ። በ2019 መጨረሻ ሥራው ሲጠናቀቅ የፓኔሎቹ ድምር አቅም 1,650 ሜጋ ዋት ገደማ ደረሰ።

ቤንባንን የምወደው በትልቅነቱ አይደለም። መጀመሪያ ወድቆ፣ ምክንያቱ ታውቆ፣ ተስተካክሎ የተሠራ ስለሆነ ነው። ዝቅ ብዬ እመለስበታለሁ።

100 ሜጋ ዋት ሲባል ቀን ከሌት 100 ሜጋ ዋት ነው?

አይደለም። እዚህ ላይ ጋዜጠኛውም ባለሥልጣኑም ይሳሳታል። ሜጋ ዋት አቅም ነው፤ እንደ ቧንቧ ስፋት አስቡት። ሜጋ ዋት ሰዓት ደግሞ በቧንቧው የወረደው ውሃ ነው፤ ሺው አንድ ጊጋ ዋት ሰዓት ይባላል። 100 ሜጋ ዋት ማመንጫ ዓመቱን ሙሉ ያለ ዕረፍት ቢሠራ 876 ጊጋ ዋት ሰዓት ይሰጥ ነበር። ፀሐይ ግን ማታ ትገባለች፣ ጠዋት ደካማ ናት፣ ደመናም አለ። ለመተሐራው 100 ሜጋ ዋት ፕሮጀክት በ2017 የተነገረው የዓመት ምርት ግምት 280 ጊጋ ዋት ሰዓት ገደማ ነበር። ሲሰላ 32 በመቶ ነው፤ ያውም ለሶላር ጥሩ የሚባል ቁጥር ነው። ፀሐያማ አገር ላይ ብዙው ማመንጫ ከ20 እስከ 28 በመቶ መሃል ነው የሚውለው።

ሌላም የሚያምታታ ነገር አለ። የፓኔሎቹ አቅምና ወደ መስመር የሚገባው አቅም እኩል አይደሉም። በቤንባን 1,650 ሜጋ ዋት ፓኔል አለ፤ ወደ መስመሩ የሚገባው ግን 1,465 ሜጋ ዋት ገደማ ነው። ማጭበርበር አይደለም፤ ሆን ተብሎ ነው። ፓኔሎች ሙሉ አቅማቸውን የሚሰጡት ለጥቂት ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ ከኢንቨርተሩ አቅም ትንሽ በለጥ ያለ ፓኔል መትከል ያዋጣል። ስለዚህ ሁለት ማመንጫ ስታወዳድሩ የቱን ቁጥር እያያችሁ እንደሆነ ጠይቁ።

በጣም ሞቃት ቦታ ለሶላር የተሻለ ነው አይደል?

ፓኔል የሚፈልገው ብርሃን እንጂ ሙቀት አይደለም። እንዲያውም ሙቀት ይጎዳዋል። ፓኔል የሚለካው 25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ ነው። ከዚያ በላይ በእያንዳንዱ ዲግሪ ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ ይቀንሳል። በረሃ ላይ እኩለ ቀን የፓኔሉ ገጽ 65 ዲግሪ ቢደርስ፣ ከ12 እስከ 16 በመቶ የሚሆነው ኃይል በሙቀት ብቻ ሄደ ማለት ነው።

ለዚህ ነው ደጋ ላይ ያለ ፀሐያማ አገር የማይናቀው። ከፍታው አየሩን ያቀጥነዋል፣ ብርሃኑ ጠንከር ብሎ ይወርዳል፣ ነፋሱ ፓኔሉን ያቀዘቅዘዋል። የደጋ ጉዳቱ ክረምቱ ነው፤ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ደመናው አያስቆምም። ቆላው ደመና የለውም፤ ይሞቃል፤ ግን መሬቱ ሜዳ ነው። ሦስቱ የእኛ ፕሮጀክቶች ስምጥ ሸለቆን ይዘው ወደ ምሥራቅ ወደ ቆላው የሄዱት አለ ምክንያት አይደለም፦ መተሐራ ኦሮሚያ ውስጥ፣ ዲቼቶ አፋር፣ ጋድ ሶማሌ ክልል።

ፓኔሉ ወዴት ይዙር ለሚለውም መልሱ አጭር ነው። ትራከር ከሌለው እኛ ጋ ወደ ደቡብ፣ ትንሽ ብቻ ዘንበል ብሎ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ስለምትርቅ ፀሐይ አናታችን ላይ ናት። ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ማዘንበሉ ለምርትም ይበቃል፤ ዝናብም አቧራውን ይዞት እንዲወርድ ያደርጋል። ጀርመን አገር የተነሣ ፎቶ አይታችሁ "የኛው ለምን ተኛ?" አትበሉ።

ስንት መሬት ይበላል? መሬቱ ላይ ያለው ሰውስ?

ለአንድ ሜጋ ዋት ከአንድ እስከ ሁለት ሄክታር ብሎ ማሰብ ይቻላል። መንገድና ማከፋፈያ ጣቢያ ሲጨመር ከዚያም ያልፋል፤ ቤንባን ሲካፈል 2.2 ሄክታር ገደማ ይመጣል። ኬንያ ውስጥ ጋሪሳ ላይ በ2019 የተመረቀው 50 ሜጋ ዋት ማመንጫ 85 ሄክታር ላይ ነው ያረፈው።

ቁጥሩ ቀላል ነው። ሰዉ ነው ከባዱ። "ባዶ መሬት ነው" የሚለው አነጋገር አይዋጥልኝም። ካርታ ላይ ባዶ የሚመስለው መሬት ብዙ ጊዜ የአንድ ሰው የበጋ ግጦሽ ነው፤ ከብት ወደ ውሃ የሚነዳበት መንገድ ነው። ገበሬ ቤቱንና ማሳውን ማሳየት ይችላል። አርብቶ አደሩ ግን መሬቱን የሚጠቀመው በዓመት ለጥቂት ወራት ሊሆን ይችላል፤ ቀያሹ የመጣ ዕለት እዚያ ላይኖር ይችላል። በሌለበት የተቀየሰ መሬት አጥር ሲዞርበት ነው ጠቡ የሚጀምረው።

በሕጉ በኩል መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ካሳው የሚታየው በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 299/1995 ግዴታ ነው። ዓለም አቀፍ አበዳሪ ካለበት የራሱን መስፈርት ይጨምርበታል፤ ብዙ ጊዜ ከአገሩ ሕግ ይጠብቃል። እኔን ብትጠይቁኝ ከካሳው በፊት መደረግ ያለበት የከብት መተላለፊያ መተው ነው። 100 ሜትር የማይሞላ መተላለፊያ ስንት ዓመት የሚዘልቅ ቂም ያስቀራል።

ሥራው ከየት ይጀመራል?

ብዙ ሰው መሬት ከማግኘት ይመስለዋል። እኔ ከመስመሩ እጀምራለሁ። የሚቀርበው የከፍተኛ ኃይል መስመር የት ነው? ማከፋፈያ ጣቢያው ተጨማሪ ኃይል የመሸከም አቅም አለው? መስመሩ 60 ኪሎ ሜትር ከራቀ፣ ያንን ማን ይዘረጋል፣ በማን ገንዘብ? ቤንባን የተመረጠው ለፀሐዩ ብቻ አይደለም። አጠገቡ የአስዋን ግድብ 2,100 ሜጋ ዋት ሲያመነጭ የኖረበት ከባድ የመስመር አውታር አለ። ያም ሆኖ አራት አዲስ ማከፋፈያ ጣቢያዎች መሠራት ነበረባቸው፤ ወጪውን ኩባንያዎቹ ተጋሩት።

ከመስመሩ ቀጥሎ የፀሐይ ልኬት ይመጣል። የሳተላይት መረጃ ለመጀመሪያ ግምት ጥሩ ነው። አበዳሪ ግን ቦታው ላይ መሣሪያ ተክሎ ዓመት ሙሉ የተለካ መረጃ ሲያይ ነው የሚረጋጋው። ከሱ ጎን ለጎን የአፈሩ ምርመራ፣ የጎርፉ ጥናት፣ የአካባቢው ግምገማ ይሄዳል። ጎርፉን አትናቁት። ደረቅ ወንዝ ማለት ውሃ የሌለው ወንዝ ማለት አይደለም፤ ውሃው ገና አልመጣም ማለት ነው። የአፋር ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል።

ከዚያ የኃይል ግዢ ስምምነቱ ይመጣል። ማን ይገዛል፣ በስንት፣ ለስንት ዓመት፣ በየትኛው ገንዘብ? መስመሩ ተበላሽቶ ኃይሉን መውሰድ ባይችል ይከፍላል ወይስ አይከፍልም? ይህ ወረቀት ሳይፈረም ባንክ ፊቱን አያዞርም። ከጠቅላላው ወጪ ብዙ ጊዜ ከ70 እስከ 80 በመቶው ብድር ስለሆነ፣ ባንኩ ያልተስማማበት ፕሮጀክት የለም ማለት ነው። የብድሩ ስምምነት ሲጠናቀቅ ግንባታው ይጀመራል።

ዝግጅቱ ሁለት ዓመት ከፈጀ ፈጣን ነው። አምስት ዓመት ቢፈጅ የሚገርመው የለም።

ግንባታውስ?

ፈጣን ነው። 100 ሜጋ ዋት ከ9 እስከ 15 ወር ውስጥ ያልቃል። መሬቱ ይጸዳል፣ ይታጠራል፣ የብረት ቋሚዎቹ በማሽን ይቀጠቀጣሉ፣ ማቀፊያው ይታሰራል፣ ፓኔሉ ይገጠማል፣ ገመዱ ይቀበራል። አሁን ገበያ ላይ ያሉት ትልልቅ ፓኔሎች 550 ዋት ገደማ ስለሆኑ ለአንድ ሜጋ ዋት 1,800 የሚሆን ፓኔል ይፈለጋል። ለ100 ሜጋ ዋት 180,000 ማለት ነው። ሥራው ተደጋጋሚ ነው፤ ልክ እንደ ሽመና። እጅ ከለመደ በኋላ ይሮጣል።

የማይሮጠው ከመሬት በታች ያለው ነው። ቋሚዎቹ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ተኩል ይገባሉ። ዓለት ካጋጠመ መሰርሰር ያስፈልጋል። እኛ አገር ደግሞ ዋልካ አለ። ዋልካ አፈር በክረምት ይጠጣና ያብጣል፤ በበጋ ክንድ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። በበጋ መጥቶ መሬቱን የመረመረ መሐንዲስ ጠንካራ ነው ብሎ ይፈርማል። ክረምት ሲገባ ቋሚው ወደ ላይ ይገፋል፣ ረድፉ ይጣመማል፣ ፓኔሉ ይሰነጠቃል። ዋልካ ላይ ለመሥራት ቋሚውን ከሚያብጠው ንብርብር በታች ማሳለፍ ወይም ቦታውን መቀየር ነው። ከመሠረቱ ወጪ ላይ መቆጠብ ሞኝነት ነው። ይህን ለመማር የራስን ገንዘብ ማጣት አያስፈልግም።

በ2019 የእኛ አገር የሶላር ኃይል በ2.5 የአሜሪካ ሳንቲም ተሸጠ ሲባል ሰምተን ነበር። ያን ያህል ርካሽ ከሆነ መብራቱ የት አለ?

እውነትም ጥያቄ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2017 መተሐራ ላይ ለ100 ሜጋ ዋት የወጣውን ጨረታ የጣሊያኑ ኤኔል ግሪን ፓወር ከአገር ውስጡ ኦርኪድ ቢዝነስ ግሩፕ ጋር ሆኖ አሸነፈ። በ2019 ደግሞ ጋድና ዲቼቶን የሳዑዲው አክዋ ፓወር ወሰደ፤ እያንዳንዳቸው 125 ሜጋ ዋት። የሁለቱ ጨረታ የተካሄደው በዓለም ባንክ ቡድን ስኬሊንግ ሶላር ፕሮግራም ድጋፍ ነበር። ዋጋው ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም፤ ለ20 ዓመት። በወቅቱ በአፍሪካ ከተሰሙት ዝቅተኛ ዋጋዎች አንዱ ነበር። አጨበጨብን።

እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ አልዋሽም። ግን ጨረታ ማሸነፍ ሌላ፣ መብራት ማብራት ሌላ ነው። እስቲ የጨዋታ ሒሳብ እንሥራ። የመተሐራው ወጪ 120 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተብሎ ነበር፤ ምርቱ 280 ጊጋ ዋት ሰዓት። የዚህ ማመንጫ ኃይል በ2.5 ሳንቲም ቢሸጥ ዓመታዊ ገቢው 7 ሚሊዮን ዶላር ነው። 120 ለ7 ሲካፈል 17 ዓመት፤ ያውም ያለ ወለድ። በእርግጥ ከ2017 እስከ 2019 የፓኔል ዋጋ ወርዷል፤ የአክዋ ወጪም የራሱ ነው። ነጥቡ ግን ግልጽ ነው። ዋጋው እንዲህ ሲወርድ ለመዘግየት የሚሆን ትርፍ ቦታ አይኖርም። ወለድ አንድ በመቶ ቢጨምር፣ የብረትና የመርከብ ዋጋ ቢወደድ ሒሳቡ ይፈርሳል። በ2021 ደግሞ ብረቱም መርከቡም ተወደዱ።

ሁለተኛው ነገር ዶላሩ ነው። ኩባንያው የሚበደረው በዶላር ነው። ገዢው ኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ከደንበኛ የሚሰበስበው ብር ነው። ብሩን ማን ይመነዝረዋል? ባንክ ዶላር የለኝም ቢልስ? አበዳሪዎች በዚህ ጥያቄ ላይ አይደራደሩም። በ2018 የወጣው የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ፣ ቁጥር 1076/2010፣ መንገዱን ከፈተ። መንገድ መከፈቱ ግን ዶላር አይወልድም። ዓመታት በድርድር ነጎዱ።

ግብፆችም እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ገብተው ነበር። በ2014 ክረምት መብራት እየጠፋ ሕዝቡን ሲያማርር፣ መንግሥት በመስከረም ለሶላር ቋሚ ዋጋ አወጀ፤ ለትልልቆቹ 14.34 የአሜሪካ ሳንቲም። ከ2.5 ጋር ስታወዳድሩት ድግስ ነው። ሆኖም ከጥቂቶች በቀር አልተንቀሳቀሰም። ምክንያቱ ዋጋው ሳይሆን የውሉ አንቀጽ ነበር። ጠብ ቢነሳ ግልግሉ ካይሮ ይሁን የሚለውን ዓለም አቀፍ አበዳሪዎች አልተቀበሉም፤ የምንዛሬውም ነገር አሠጋቸው። በ2016 ሁለተኛው ዙር መጣ። ዋጋው ወደ 8.4 ሳንቲም ወረደ፤ ግልግሉ ግን ከግብፅ ውጭ እንዲታይ ተፈቀደ። ዋጋው በግማሽ ሊጠጋ ሲወርድ ገንዘቡ ጎረፈ! የአውሮፓ መልሶ ግንባታና ልማት ባንክ ለ16 ፕሮጀክቶች አበደረ። የዓለም ባንክ ቡድን አካል የሆነው አይ ኤፍ ሲ ለ13 ማመንጫዎች 653 ሚሊዮን ዶላር አሰባሰበ። የመጀመሪያው 50 ሜጋ ዋት በ2018 መጀመሪያ ላይ ሥራ ጀመረ።

ባለሀብት የሚፈልገው ውድ ዋጋ ይመስለን ነበር። የሚፈልገው እንቅልፍ ኖሯል።

የህዳሴ ግድብ እያለን ሶላር ለምን ያስፈልገናል? ማታስ ምን ይሠራል?

ማታ ምንም። ግን ጥያቄውን ገልብጡት። ከኃይላችን ከ90 በመቶ በላይ የሚመጣው ከውሃ ነው። በ2025 የተመረቀው ህዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ድርቅ ሲመጣ ሁሉም አብሮ ይደክማል። ሶላር ደግሞ ጎበዝ የሚሆነው በበጋ፣ ግድቡ በሚቀንስበት ወቅት ነው። በክረምት ደመናው ፓኔሉን ሲያደክመው ግድቡ ይሞላል። ሁለቱ ዕቁብ እንደሚጥሉ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ተራ በተራ ይደርሳቸዋል።

በቀን ውስጥም እንዲሁ ነው። ቀን ሶላሩ ሲሠራ ተርባይኑን ቀዝቀዝ አድርጎ ውሃውን ማቆየት ይቻላል፤ ምሽት ሁሉም ምጣዱን ሲሰካ ይለቀቃል። ሌላው አገር ለዚህ ውድ ባትሪ ይገዛል። እኛ ግድብ አለን። ባትሪም እየረከሰ ስለሆነ አዳዲስ ማመንጫዎች አብረውት መምጣት ጀምረዋል፤ ለእኛ ግን መጀመሪያ ግድቡን እንደ ባትሪ መጠቀም ይቀላል ባይ ነኝ።

ሞሮኮ ያለው ማታም ይሠራል ይባላል። እንዴት?

እሱ ሌላ ዓይነት ነው። ዋርዛዛት ያለው ኑር በአብዛኛው ፓኔል አይደለም፤ መስታወት ነው። መስታወቶቹ ፀሐይን ሰብስበው ያሞቃሉ፣ ሙቀቱ በቀለጠ ጨው ይቀመጣል፣ በሱ እንፋሎት ይፈላል፣ ተርባይን ይዞራል። የመጀመሪያው 160 ሜጋ ዋት በ2016 ተመረቀ፤ አራቱም ሲደመሩ 580 ሜጋ ዋት ይሆናሉ። ከነሱ 72ቱ ብቻ ተራ ፓኔል ነው። ማታ መሥራቱ ድንቅ ነው። ግን ውድ ነው፣ ለጥገናም ያስቸግራል።

አቧራው፣ ሣሩ፣ ፍየሉ?

ማመንጫ ከተመረቀ በኋላ ያለው ኑሮ ይኸው ነው። በረሃ ላይ አቧራ ሳይጠረግ ከቆየ ምርቱን በሳምንታት ውስጥ በግልጽ ይቀንሰዋል። በውሃ ማጠብ ይቻላል፤ ግን ሕዝቡ ውሃ በአህያ በሚያመላልስበት ቆላ ፓኔል በቦቴ ሲታጠብ ማየት ያሳፍራል። ስለዚህ በደረቅ ብሩሽ የሚጠርጉ ማሽኖች አሉ። ጠዋት በጤዛ ወይም በጭቃ በተለወሰ አቧራ ላይ ደረቅ ብሩሽ ከሄደ ግን መስታወቱን ይቧጭራል። ሰዓቱን የሚያውቅ ሠራተኛ ከማሽኑ ይበልጣል።

ሣሩ ካደገ ጥላ ይጥላል፤ ሲደርቅ እሳት ይጠራል። በብዙ አገር በግ ያስገቡበታል። በግ ልከኛ ናት፤ አጎንብሳ ትግጣለች። ፍየል ግን በፍጹም። ገመድ ትቀረጥፋለች፣ ፓኔል ላይ ትወጣለች። የሰፈር ሰው በጎቹን እንዲያስገባ መፍቀድ ቀደም ብዬ ካነሳሁት የግጦሽ ቂም ግማሹን ያቀላል።

ለአካባቢው ወጣት ሥራ ይፈጥራል?

በግንባታው ጊዜ አዎ፤ ቤንባን ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠርተዋል። ካለቀ በኋላ ግን ጥበቃ፣ ጽዳት፣ ጥቂት ኤሌክትሪሺያን ነው የሚቀረው። 100 ሜጋ ዋት በጥቂት ደርዘን ሰው ይንቀሳቀሳል። "ለሺዎች ቋሚ ሥራ" ብሎ ቃል የገባ ሹም በሁለተኛው ዓመት ከወጣቱ ጋር ይጣላል። የሚሻለው ከመጀመሪያው ቁጥሩን በግልጽ መናገር፣ የሰፈሩን ልጆች በግንባታው ወቅት ሌላ ቦታም የሚያሠራ ሙያ ማስያዝ ነው። ደግሞ ማመንጫው አጠገብ ያለው መንደር ራሱ መብራት ይግባለት። የከፍተኛ ኃይል መስመር በአናቱ እያለፈ በኩራዝ የሚያመሽ ሰፈር ያስቆጣል። ጥፋቱ የማመንጫው አይደለም፤ መስመሩን አውርዶ ለቤት ማከፋፈል የሌላ መሥሪያ ቤት ሥራና የሌላ በጀት ነው። መንደርተኛው ግን ይህን ልዩነት የማወቅ ግዴታ የለበትም።

ስንት ዓመት ያገለግላል? ሲያረጅስ?

ከ25 እስከ 30 ዓመት። በዓመት ግማሽ በመቶ ገደማ ይደክማል። ኢንቨርተሩ ግን ቀድሞ ያረጃል፤ ከ10 እስከ 15 ዓመት ውስጥ መቀየሩን ከመጀመሪያው በጀት ውስጥ አስገቡት። ያረጀ ፓኔል ከክብደቱ ሦስት አራተኛው መስታወት ነው፣ ዙሪያው አሉሚኒየም ነው፤ ሁለቱም መልሰው ጥቅም ላይ ይውላሉ። ማን ያነሳዋል የሚለው ውሉ ውስጥ ካልተጻፈ ግን ቁራሌው ፍሬሙን ወስዶ መስታወቱን እዚያው ይተወዋል።

ውጭ አገር ነኝ። ትንሽ ገንዘብ አለኝ። አገር ቤት መሬት ገዝቼ ሶላር ልትከል?

ይህ ጥያቄ ከዋሽንግተንም ከዱባይም ይመጣል። መጀመሪያ፣ መሬት አይገዛም፤ በሊዝ ወይም በኪራይ ይያዛል። ሁለተኛ፣ ለዋናው መስመር ልሽጥ ካልክ ገዢህ አንድ ነው፤ ጨረታው ደግሞ መቶ ሚሊዮን ዶላር የሚያንቀሳቅሱ ኩባንያዎች የሚገቡበት ነው። ለብቻህ አትግባ።

ይልቅ ወደ ታች ተመልከት። መስመር ያልደረሰባቸው ከተሞች አሉ፤ ወፍጮው፣ ክሊኒኩ፣ የመስኖ ፓምፑ በናፍጣ የሚሠራባቸው። ለአንድ ከተማ የሚበቃ ሜዳ ላይ የተተከለ አነስተኛ ማመንጫ ከባትሪ ጋር እዚያ ትርጉም አለው። ፈቃዱን የሚሰጠው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። ከመጠየቅህ በፊት ግን ሁለት ነገር አጣራ። ከተማዋ በምሽት መብራት ብቻ ነው የምትፈልገው ወይስ ቀን የሚሠራ ወፍጮና ፓምፕ አላት? መብራት ብቻ ከሆነ ገቢው ባትሪውን አይመልስም። ሁለተኛው፣ ዋናው መስመር ወደዚያ የሚመጣው መቼ ነው? በሦስተኛው ዓመት ቢመጣ ደንበኛህን ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ መስመሩ ሲደርስ ማመንጫህ ምን እንደሚሆን ዛሬ በጽሑፍ አስፍር። በቃል "አታስብ፣ እናስተካክላለን" ያለህን ሰው አመስግነህ ጠበቃ ፈልግ።